ለቅሶ ያልደረስንለት አሻጋሪ

በጨዋታችን ውስጥ ያለው አሻጋሪ ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የቤቴን በር አንኳኩቶ ገባና ሶፋዬ ላይ ተቀመጠ። እግሩ እርጥብ ነበር። የከተማችን አሸዋማ ወንዝ ደቻቱ ውሃ ካየ ወራት አልፎታል፤ በዚያ ሰዓት ድሬዳዋ ውስጥ እግሩ የረጠበ ሽማግሌ ከየትም አይመጣም። ስለዚህ ወዲያው አወቅነው።

ነጭ ጺም ነበረው። ከጺሙ በላይ እስከ ባርኔጣው ድረስ ግን ባዶ ቆዳ ነው፤ ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ። ይሄ የናሆም ጥፋት ነው። ናሆም ስለ አሻጋሪው ሲተርክልን «ነጭ ጺም፣ እርጥብ እግር» ብሎ እዚያው ላይ ነበር ያቆመው።

ስሜ ትርሲት ነው። ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ የሚያጠላበት የድሮ የባቡር ሠራተኞች ቤት ውስጥ እኖራለሁ። ሥራዬ መነጽር መግጠም ነው፤ ችኩል ነኝ እንጂ ክፉ ሰው አይደለሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ሆነን አንድ ጨዋታ እንጫወታለን። ለጨዋታው ወረቀት፣ እርሳስና ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይበቃል። የጂኦግራፊ መምህሩ ናሆም አንድ አገር ከራሱ ፈጥሮ ይተርክልናል። እኔ፣ ፍሪጅ የሚጠግነው ፉአድና የእንስሳት ሐኪሟ ምንታምር በዚያ አገር ውስጥ ለየራሳችን አንድ አንድ ሰው ይዘን እንንከራተታለን። እኛ «ይህን አደርጋለሁ» እንላለን፣ ዳይሱ ይሳካል ወይም አይሳካም ይላል።

የቀሩት የአገሩ ሰዎች፣ ዘበኛው፣ ዳቦ ሻጯ፣ አሻጋሪው፣ ባለቤት የላቸውም። የሚናገርላቸው ናሆም ነው። እኛም «የናሆም ሰዎች» እንላቸዋለን። እነሱ ማውራት ሲጀምሩ «እንለፈው» የምለው እኔ ነኝ። አቦ፣ ዘንዶ እያለ፣ ዋሻ እያለ፣ የዘበኛ ሚስት አሟታል ሲሉኝ ምን ልሁን? ያኔ የማስበው እንዲህ ነበር።

«ጋሼ፣ ውሃ ላምጣልህ?» አለችው ምንታምር። ድሬ ውስጥ አንቱታ አናበዛም፤ ሽማግሌውም አልተቀየመም።

«ውሃ ጠግቤያለሁ» አለ። አፉ ጺሙ ውስጥ የሆነ ቦታ ነበር።

«ማዶ ልታሻግረን ነው የመጣኸው?» አልኩት።

«ላላሻግራችሁ ነው የመጣሁት። እንዲህ ያለ ነገር በሰው አይላክም ብዬ ራሴ መጣሁ።»

ሦስታችንም ወደ ናሆም ዞርን። ናሆም ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። «ዋላሂ እኔ አይደለሁም!» አለ። ናሆም ዲያቆን ነበር፤ ድሬ ውስጥ ግን ዋላሂ የሁላችንም ነው። ደብተሩን ገልጦ አሳየን። አሻጋሪው በተጻፈበት ገጽ ላይ «ሽማግሌ። ብዙ አያወራም» ከሚለው በስተቀር ምንም አልነበረም።

ነገሩ ለእኛ ቀላል አልነበረም። ምንታምር ጎዴ ተመድባ ነበር፤ ለሁለት ዓመት። ከእኛ ጋር የቀሯት ቅዳሜዎች ሦስት ናቸው፣ ያን ቀን ጨምሮ። ጨዋታችን ደግሞ ሕግ አለው። ተጫዋቹ ጥሎት የሄደ ሰው የናሆም ሰው ይሆናል። ምንታምር ዓመት ሙሉ ወለላ የምትባል፣ አረንጓዴ ሻርፕ የምታደርግ፣ ስትፈራ የምትስቅ ሴት ይዛ ተጫውታለች። ከዚህ ሕግ የሚያመልጥ ወንዙን ወደ ማዶ የተሻገረ ሰው ብቻ ነው፤ ናሆም ማዶን ገና አልጻፈውም፣ ስለዚህ እዚያ ሥልጣን የለውም። ምንታምር ከመሄዷ በፊት ወለላን ማሻገር አለብን። አሻጋሪው አስራ አንድ ጊዜ ወንዙን ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች አመላልሶናል። አንድ ቀን እምቢ ይላል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

«ቆይ፣ ላግባባው» ብዬ ዳይሱን ወረወርኩ። ሃያ ወጣ። ከሃያ በላይ የለም። በሃያ ንጉሥ አግባብቼ አውቃለሁ።

አሻጋሪው ወደ ዳይሱ ጎንበስ አለ። «ጥሩ ቁጥር ነው» አለና ተመልሶ ተደገፈ።

ፉአድ ከሶፋው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ በጨርቅ እያደረቀ ነበር። ቀና አለና «ጋሼ፣ ምን አድርገንህ ነው?» አለው። ዓመት ሙሉ ከእኛ አንዱ ለአሻጋሪው ስለ ራሱ ያቀረበለት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር።

«እናቴ ከሞተች ሦስት ወር ሆናት» አለ አሻጋሪው። «ጥቁር ለብሼ ጀልባው ላይ ቆሜ ነበር። ተሳፈራችሁ፣ ወረዳችሁ። ምነው ያለኝ የለም። የለቅሶው ድንኳን ወንዙ ዳር ይታይ ነበር።»

ናሆም ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠ። «እውነቱን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «‹አሻጋሪው ዛሬ ጥቁር ለብሷል› ብዬ ነበር። ትርሲት እንለፈው አለች።»

ሁሉም እኔን አየኝ፤ ዓይን የሌለው አሻጋሪ ሳይቀር። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሰው ሠርግ ቢቀር ይቅርታ ይጠይቃል፣ ያልፋል። ለቅሶ የቀረ ሰው ግን በምን አፉ ነው አሻግረኝ የሚለው?

«ብዙ አያወራም ብለህ ጽፈህብኛል» አለው አሻጋሪው ናሆምን፣ እየተነሳ። «ማን አዋርቶኝ?»

በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለ። «ድንኳኑ አልተነቀለም። እናንተ ሳትደርሱ እንዴት ይነቀላል? ደቻቱ ነው።» ዱካው በረንዳውን አልፎ እስከ ግቢው በር ድረስ እርጥብ ሆኖ ሄደ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ደረቅ ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ዳይሱን ቤት ትተን ለቅሶ ሄድን። ምንታምር ጥቁር ነጠላ አደረገች፣ ፉአድ አንድ ካርቶን የታሸገ ውሃ ተሸከመ። ድንኳኑ ደቻቱ አሸዋ መሃል ተተክሏል። መኪኖች ድልድዩ ላይ ያልፋሉ፤ ዞር ብሎ ያየን ግን የለም። እኔ የጨዋታ ወረቀቴን አጣጥፌ ኪሴ ከትቼ ነበር። ለምን እንደያዝኩት እኔም አላወቅኩም።

ውስጥ በየአግዳሚው የተቀመጡት የናሆም ሰዎች ናቸው። በዓመት ውስጥ ያገኘናቸው በሙሉ። በጨዋታችን ዘጠነኛ ቅዳሜ በአስማት ያስተኛኋቸው ሁለት ዘበኞች ጥግ ላይ አሁንም ተኝተዋል፤ አንድ ሰው ጋቢ ደርቦላቸዋል። አብዛኞቹ ፊት የላቸውም። ናሆም «አንድ ነጋዴ» ብሎ ያለፈው ሰውዬ ነጋዴ ብቻ ነው፤ ልብስ አለው፣ ሆድ አለው፣ ከአንገት በላይ እንደ እንቁላል ልሙጥ ነው። ናሆም ይህን ሲያይ ደብተሩን ከጃኬቱ ውስጥ ደበቀ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን ተቀመጥን። ፉአድ በበኩሉ «አላህ ያጽናህ» አለው። አሻጋሪው ራሱን ነቀነቀ። ንፍሮ በሳህን መጣ። ዝም ብለን ቃምን፤ ለቅሶ ቤት መጀመሪያ ዝም ነው።

ከአጠገቤ ፊት የሌላት ሴት ነበረች። መሶብ የሚያህል ቅርጫት ጭኗ ላይ አስቀምጣለች፤ ዓመት ሙሉ ዳቦ የገዛንባት ናት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንለፈው እል ነበር። ያን ቀን ግን አፍሬ ስለነበር «ስምሽ ማነው?» አልኳት።

መጀመሪያ አፍንጫ አወጣች። ሰፋ ያለ፣ ደስ የሚል አፍንጫ ነው። ቀጥሎ አፏ መጣ። «ውድነሽ» አለች። «ዛሬ እንኳ ጠየቅሽኝ!»

«ልጆች አሉሽ?»

«ሁለት» አለች፣ ዓይኖቿም ብቅ አሉ። ከዚያ ወዲህ ማን ያቁማት! የመጀመሪያ ልጇ ምጥ፣ የባሏ ዱቄት መድፋት፣ የጎረቤቷ ዶሮ፣ ሁሉንም ነገረችኝ። አንዴ እንኳ እንለፈው አላልኩም፤ እንዲያውም የዶሮው ነገር ሆዴን እስኪያመኝ አሳቀኝ፣ ለቅሶ ቤት ባይሆን ኖሮ ደግሞ እጮህ ነበር። ወዲያ በኩል ፉአድ ነጋዴውን ስለ ሚዛኑ ሲጠይቀው ሰውዬው ጆሮ አወጣ። ናሆም ራሱ፣ አንድ ዓመት ሲናገርላቸው የኖረው ናሆም፣ ከአግዳሚ አግዳሚ እየዞረ «ይቅርታ፣ ስምህን ሳልጠይቅ» ሲል ነበር። ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ድንኳኑ ፊት በፊት ሆነ። ለቅሶው ደመቀ፤ ለቅሶ ይደምቃል።

ምንታምር ግን ቆማ ቀርታለች። መግቢያው አጠገብ አንድ ባዶ ወንበር አለ፤ መደገፊያው ላይ አረንጓዴ ሻርፕ ተሰቅሏል።

«ይሄ የማን ቦታ ነው?» አለች።

«በሚቀጥለው ሳምንት የምትመጣ አለች» አላት ነጋዴው። «ወለላ ነው ያሉን።»

«እዚህ ምን ትሠራለች?»

«ሲጠይቋት ትመልሳለች።»

«ካልጠየቋትስ?»

«ትቀመጣለች» አለ ነጋዴው። ክፋት አልነበረበትም፤ የሚያውቀውን ነው የተናገረው።

ምንታምር መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። «ትርሲት፣ አንቺ ትጠይቂኛለሽ?» አለችኝ። አንጀቴን በላችው። አዎ ልላት ፈልጌ አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ዓመት ሙሉ ማንን ጠይቄ አውቃለሁ?

ተነሳሁና አሻጋሪው ፊት ሄጄ ቆምኩ። «ስምህን ንገረኝ» አልኩት።

«ጌጡ» አለ። ከባርኔጣው ሥር ሁለት ትንንሽ ቡናማ ዓይኖች ተከፈቱ፤ እንባ አቅርረው ነበር። ለካ ሦስት ወር የከረመው የሚያለቅስበት ዓይን ሳይኖረው ነው።

«ጌጡ፣ እናትህ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?»

«ደግ ነበረች። ወንዙ ዳር ቁጭ ብላ ለአላፊ አግዳሚው ቆሎ ትሰጥ ነበር፣ በጣሳ። አንድ ቀን ጣሳዋ ጠፋባት። እስክትሞት ድረስ ስትፈልገው ነበር። ለሰው በእጄ ዘግኜ አልሰጥም፣ ነውር ነው ትል ነበር።»

ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ገና ጨዋታውን ስንጀምር፣ ወንዝ ዳር አንዲት አሮጊት ቆሎ ሰጥታን ነበር። እኔ ዳይስ ወርውሬ፣ አስራ ስምንት ወጥቶልኝ፣ ቆሎውን በልቼ ጣሳውን ይዤባት ሄድኩ። ሁላችንም ስቀናል። ወረቀቴ ላይ፣ ከገመድና ከቢላዋ ሥር፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ «ጣሳ፣ አንድ» ይላል። ዓይኔን በጨው ታጥቤ አሻግረኝ ስለው የነበረው ለካ ያን ጣሳ ኪሴ ይዤ ነው።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አልኩት። «ለጨዋታ ብዬ ነው። ፊቷን እንኳ አላየሁም። ይቅር በለኝ።»

ላጲስ ከምንታምር ቦርሳ ወሰድኩና «ጣሳ፣ አንድ» የሚለውን አጠፋሁት። የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ ስል ጣሳው ጌጡ እጅ ላይ ነበር። ዳር ዳሩ የተጨራመተ፣ የዘይት ጣሳ ነው። ጌጡ አገላብጦ አየው፣ በእጅጌው ወለወለው። ከዚያ ግንባሬን ሳመኝ። ጺሙ የወንዝ ሽታ አለው። አለቀስኩ፣ በደንብ አድርጌ አለቀስኩ። ውድነሽ ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች «በቃ፣ በቃ» አለችኝ። ከዚያ ሰዎቹ ተነስተው ድንኳኑን ነቀሉት፤ ፉአድ ካስማ በመንቀል አገዘ። የእናትየውን ስም ሳልጠይቅ መመለሴ ትዝ ያለኝ ቤት ከደረስኩ በኋላ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጌጡ ስምንት ሰዓት ሲሆን በመስኮቱ በኩል መጣ። ከመስኮቴ ውጭ የሚታየው የጎረቤት ግድግዳ ነበር፤ ያን ቀን ወንዙ ነው። ጀልባዋን ከመስኮቱ ደፍ አስጠግቶ ወፍራም ገመድ ወረወረልን፤ የጠረጴዛችን እግር ላይ አሰርነው።

«የማዶው ውሃ ኃይለኛ ነው» አለ። «አንድ ሰው ይሳፈራል፣ የቀረው ገመድ ይይዛል። ገመዱ አንዴ ከተነቀነቀ ቆዩ ነው። ሁለቴ ከተነቀነቀ ደርሰናል። ሦስቴ ከሆነ ሳቡ፣ ሰው እየመጣ ነው።»

«ማን እንደሚሳፈር አታከራክሩኝ» አልኩ። የሚከራከርም አልነበረም። ዘንዶም ዋሻም ካለ እዚያ ማዶ ነው እል ነበር፤ ዓመት ሙሉ የተመኘሁት እሱን ነው፣ ያን ቀን ግን ትዝም አላለኝ።

ምንታምር የወለላን አረንጓዴ ሻርፕ አድርጋ፣ ሻንጣዋን ይዛ መስኮቱን ተሻገረች። እየሳቀች ነበር። ስትፈራ እንደምትስቅ ተናግሬያለሁ? ወለላን ነው ያልኩት፤ ምንታምርም እንደዚያው ናት።

«ማዶን እኮ አልጻፍኩትም» አላት ናሆም፣ ተጨንቆ። «ምን እንዳለ አላውቅም።»

«እኔ ጽፌ እልክልሃለሁ» አለችው። «ማንንም አላልፍም፣ ያገኘሁትን ሁሉ ስሙን እጠይቃለሁ።»

«አንቺን የሚጠይቅሽስ?» አልኳት።

«አንቺ ነሻ! በየሳምንቱ ደውይ፣ ሰነፍ!»

ገመዱን ሦስታችን ያዝን። አንድ ሰዓት ያህል እጃችን ውስጥ ተሳበ፣ ተሳበ። ከዚያ ሁለቴ ተነቀነቀ። ፉአድ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ወለሉ ላይ ተዘረጋ። ጌጡ ከአስር ደቂቃ በኋላ በበሩ ተመልሶ ገባ። ጀልባዋን እዚያው ትቶላት በምን እንደመጣ ጠየቅኩት። «በእግሬ» አለኝ። እግሩ የማይደርቀው ለዚህ ነው።

ሰኞ ደወልኩላት። ጎዴ ነኝ፣ ሥራ ጀምሬያለሁ አለችኝ። ከስልኩ ውስጥ የግመል ድምፅ ይሰማል፣ የብዙ ውሃ ድምፅም ይሰማል። ስለ ቤቷ፣ ስለ አለቃዋ፣ ስለ ራቷ አንድ በአንድ ጠየቅኳት። «ኧረ በቃሽ፣ ካርድሽን ጨረስሽ!» ብላ ሳቀች። እኔ ትርሲት፣ ይህን የሚለኝ ሰው ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ትናንት አራተኛው ቅዳሜ ነበር። መስኮቱ ውስጥ የጎረቤት ግድግዳ ተመልሷል፤ ገመዱ ግን ከጠረጴዛው እግር ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ግድግዳው ይገባል። በምንታምር ወንበር ላይ አሁን ጌጡ ይቀመጣል። የራሱን ወረቀት ሞልቶ፣ ለራሱ መዋኘት የማይችል ወጣት ፈጥሮ ይጫወታል። ዳይስ ሲወረውር ቀድሞ እፍ ይልበታል፤ እድለኛ ነው፣ ያናድዳል። ፉአድ ተራው ደርሶ ሊወረውር ሲል ገመዱ ተነቀነቀ።

አንዴ። ሁለቴ። ሦስቴ።

«ሳቡ» አለ ጌጡ።

ሳብን። ምንታምር ናት እንዳንል በጣም ይከብዳል። ናሆም እግሩን ግድግዳ ላይ ተክሎ ሳበ፣ ፉአድ ላቡ ተንጠባጠበ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ሳብኩ። ስከፍት በመስኮቱ መጀመሪያ የገባው ጣሳው ነበር። ጌጡ ዳር ዳሩን አቃንቶ እናቱ መቃብር ላይ አስቀምጬዋለሁ ያለኝ ጣሳ ነው። ቆሎ ሞልቶበታል፤ ቆሎው ትኩስ ነው፣ ይጤሳል። የያዘው እጅ የምንታምር አልነበረም። የተጨማደደና እርጥብ እጅ ነው።

ጌጡ ባርኔጣውን አወለቀ።

አሮጊቷ መስኮቱን ተሻግራ ገባች፣ ነጠላዋን አስተካከለች። ነጠላው ውስጥ ፊት አልነበረም፤ ያኔ ጣሳዋን ስወስድባት ቀና ብዬ አላየኋትም። ወንበሬን ለቀቅኩላት። ተቀመጠች። ጣሳውን ጠረጴዛው መሃል፣ ከዳይሱ አጠገብ አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«እማማ» አልኳት፣ «ስምሽ ማነው?»

ሽፋሽፍቶቿ መጡ። አፍንጫዋ መጣ። አፏ ገና ነበር። ማንም እንለፈው አላለም። ትኩሱን ቆሎ እየዘገንን ቁጭ ብለን ጠበቅናት።